አዋቂ ያልሆነው ባሌ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ሁለት እጅ» ብሎ ነው የሚጠራው። ቀለም ቀቢ ነው። የማንንም ግድግዳ ሲያይ የመጀመሪያ ቃሉ «ይሄ ሁለት እጅ ይፈልጋል» ነው። አንዴ ቀብቶ መሄድ አያውቅም፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይደግመዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሳሎን፣ የክሊኒክ ኮሪደር፣ የትምህርት ቤት አጥር ሲቀባ ኖሯል። የራሳችን ማድ ቤት ግን ብሩሽ ካየ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አይደል የሚባለው! ስጨቀጭቀው «አንቺ ደግሞ፣ ሥራም ቀለም፣ ቤትም ቀለም?» ይለኛል።

እንግዲህ እኚህ ሰውዬ ናቸው ሥዕል የጀመሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን አዳራሽ እርጥበት ስለበላው እሱ ተጠራ። መሰላል ላይ ወጥቶ ሲቀባ፣ ከሥሩ የቅዳሜ የሥዕል ተማሪዎች ሦስት ሎሚ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይሥላሉ። አንዲት ሴትዮ የሎሚው ጥላ ጭቃ እየመሰለባት ትበሳጫለች። ባሌ አላስቻለውም።

«እመቤት፣ ጥቁሩን ይተዉት። ትንሽ ሰማያዊ ጣል ያድርጉበት» አላት ከላይ።

ሎሚው ዳነ። መምህሯ ቀና ብላ አየችውና «አንተ ሰውዬ፣ ውረድና ተቀመጥ» አለችው። ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ባሌን የፈለገ ሰው አያገኘውም።

ደስታው እንዴት ይነገራል! ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ አጎቱ ዘንድ ቀለም ሲያማስል ያደገ ሰው፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ደብተር በብብቱ ሸጉጦ ሲሮጥ እስቲ አስቡት። ምሳ ላይ ጉርሻውን አፉ አድርሶ ይቆምና የብርጭቆውን ጥላ ያያል።

«አይቀዘቅዝብህም?» ስለው፣

«ስንቱን ጥላ ቀብቼ ሳጠፋ ኖሬያለሁ ባክሽ» ይላል።

በአምስተኛው ቅዳሜ ግን ፊቱ ኖራ መስሎ ገባ።

«ምን ሆንክ?»

«አለቀልኝ። ተነቃብኝ።»

ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ መሰላል በሚገባበት በጓሮ በር ነበር የሚገባው። ያን ዕለት በዋናው በር ሲገባ ማስታወቂያውን አነበበ፤ «ነጻ የሥዕል ትምህርት ለአዋቂዎች»።

«ለአዋቂዎች ነው የሚለው! ለሚያውቁ ሰዎች! እኔ ምን አውቃለሁ?» አለኝ።

ይሄ ሳያንስ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ወደ ሥዕል ክፍሉ ገብታ «ለመዝገብ ያህል፣ አዋቂ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ለቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ያለ ማስረጃ መቀጠል አይቻልም» ብላለች።

እኔም አብሬው ደነገጥኩ። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል እንጂ ያኔ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብሎ ማሰብ የት አለ! ከድንጋጤዬ ብዛት «አዋቂ ቤት ሄደን እናስጠይቅ ይሆን?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም። ሁለት እጅ ሳይስቅ ሲቀር ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ሳጥናችንን ገልብጠን ወረቀት ስንፈልግ ዋልን። የተገኘው የጋብቻ ወረቀታችን ብቻ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምን ማወቄን ያሳያል?»

«መምረጥ ማወቅህን ነዋ!»

ትንሽ ፈገግ አለና መልሶ ጨለመ። ሳምንቱን ሁሉ ደብተሩን ሳይከፍት ሰነበተ። ዓርብ ማታ ግን ከሥዕል ክፍሉ የተዋሳቸውን ብሩሾች አጥቦ በጋዜጣ ጠቀለላቸው። «ሰው ፊት ከሚያባርሩኝ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ» አለ።

ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። ሠራተኛዋ የእኛ ልጅ እኩያ ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ መጽሐፍ ቆልላ ትመዘግባለች። ባሌ ጥቅሉን ፊቷ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ ብሩሾቹን ልመልስ ነው። እኔ አዋቂ አይደለሁም። እንዲያው ሳላውቅ ገብቼ ነው።»

ልጅቷ ግራ ተጋባች። «ጋሼ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሦስት።»

«ታዲያ አዋቂ ለመሆን ስንት ይጨምሩ? እኔ መታወቂያ ነው ያልኩት! ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ መሆንዎን እንዲያሳይ።»

«ማለት... ትልቅ ሰው?»

«ትልቅ ሰው። ሕፃን ያልሆነ።» ጭንቅላቱን አየት አደረገችና «ኧረ መታወቂያውም ይቅር፤ ሽበትዎ ይበቃል» አለች።

ባሌ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ሳምንት ሙሉ ይዞት የከረመውን ትንፋሽ እፎይ ብሎ ለቀቀው። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ የሁለት እጅ ሳቅ ደግሞ ቀስ ብሎ አያውቅም። አንባቢዎቹ ከየመጽሐፋቸው ቀና አሉ። ዝም በሉ ማለት ያለባት ልጅ ከሁላችን ብሳ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። መታወቂያው እኮ ሳምንቱን ሁሉ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር!

ዕንባውን ጠራርጎ ሲጨርስ በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ራቅ ብሎ አየው።

«ይሄ ሁለት እጅ ይፈልጋል» አለ።

ልጅቷ ካርቶን ሰጠችው። በማይንቀጠቀጥ እጁ የመጀመሪያውን መስመር እንዳለ ጻፈ፤ «ነጻ የሥዕል ትምህርት ለአዋቂዎች»። ከሥሩ በሰማያዊ ጨመረበት፤ «ምንም ባያውቁም ይግቡ»።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ መጣ። ያን በር ዓመት ሙሉ እያየ ሲያልፍ እንደነበር ተናዘዘ። እኔም ብሆን ከበሩ ጎን ያለውን የድርሰት ትምህርት ማስታወቂያ አንብቤ ስንቴ አልፌ ነበር፤ እሱም «ለአዋቂዎች» ነበር የሚለው። ይኸው ገባሁበት፤ ይኸው ጻፍኩ!

ማድ ቤታችንስ? አንዱ ግድግዳ ላይ ሦስት ሎሚ አለ፤ ጥላቸው ሰማያዊ ነው። የቀረውን መቼ ትቀባዋለህ ስለው «ይድረቅ እንጂ» ይለኛል።