ጠዋትና ማታ በነጋሳ ደጅ

አሰላ ውስጥ ጋሪ የሚነዳ ሁሉ ነጋሳን ያውቀዋል። ልጓም ቢበጠስ፣ ኮርቻ ቢቀደድ ወደ እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ሲሰፋ ሚስቱ ቢፍቱ አጠገቡ ተቀምጣ ጠፍር ስትጎነጉን ኖረዋል።

በጥቅምት የጎረቤታቸው የእህል ነጋዴው የአቶ ግዛቸው ውሻ ቀኝ እጇን ዘነጠለው። ውሻ ሥራው መንከስ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ በሩን ከፍቶ የለቀቀው ግን ጌታው ነው። መርፌውን ጨረሰች፣ ቁስሉም ሻረ፤ ጅማቱ ተበጥሶ ኖሮ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ሐኪሙም ከእንግዲህ አይጨብጡም አላት። ሰው ለማያውቀው በሽተኛ እንኳ ደርሶ እግዜር ይማርሽ ይላል፤ ግዛቸው ሦስት ቤት መሻገር ከበደው። ነጋሳን ከንክሻው ይልቅ ይሄ ንቀት አንገበገበው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። የግዛቸው ግቢ እህል ሻጭና ገዢ ስለማያጣው ውሻው ቀን ቀን አፉ ተሸብቦ እንዲውል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ አክመል ፈረዱ። ግዛቸው ወደ ነጋሳ እያየ ሳቀ።

«መሸበቢያውን እሱ ይስፋው። ጠዋት እሱ ይሰር፣ ማታ እሱ ይፍታ። ኋላ ላልቷል ብሎ እንዳያላዝንብኝ» አለና ማለ።

ነጋሳን እንደ ዘበኛ በሩ ላይ ሊያመላልሰው አስቦ ነበር። ነጋሳ ግን ፈረስ ወደ ልጓም ሰፊው ይሄዳል እንጂ ልጓም ሰፊ ወደ ፈረስ ሄዶ አያውቅም አለ። ሽማግሌዎቹም እውነቱን ነው አሉ። ግዛቸውን የገዛ አፉ ያኔ አሰረው።

ጋሪ ነጂዎቹ አጥብቀህ ስፋው፣ ታፍኖ ይሙት ብለው መከሩት። ነጋሳ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚመታ ሰው አይደለም። ውሻው እንዲያለከልክ፣ ውሃም እንዲጠጣ አድርጎ አስፍቶ ሰፋለት። ማሰሪያውን ግን እርጥብ ጠፍር አደረገው፤ እሱ ሲደርቅ ያለ ወስፌና ያለ ነጋሳ እጅ አይፈታም።

ከዚያ ወዲህ ግዛቸው በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኮቱን ደርቦ ውሻውን እየጎተተ በጋሪዎቹ መሃል ያልፋል። ነጋሳ አይቸኩልም። መጀመሪያ የአንዱን ጋሪ ነጂ ልጓም፣ ቀጥሎ የጓደኛውን ሰፍቶ፣ ከዚያ አፍንጫውን ተናፍጦ ነው ወደ ውሻው የሚዞረው። ቢፍቱ በሩ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ነጋሳን ደስ አለው፣ ለምን ይዋሻል፤ እንደዚያ ሰሞን እንጀራ ጥሞት አያውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ግዛቸው ተሸነፈ። ባርኔጣውን አወለቀና ጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ እየሰሙ እግዜር ይማርሽ፣ አጥፍቻለሁ አላት። ነጋሳ ሆዱ ራራ። ሰውየው ራሱ እንዲያስርና እንዲፈታ ዘለበት ልግጠምለት ወይ ብሎ ሚስቱን ጠየቃት።

ቢፍቱ ፈገግ አለች። ቀኝ እጇን ዘረጋችለት።

«ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፣ አቶ ግዛቸው። ዘለበቱን ደግሞ በዚህ እጄ ጨብጬዎት የታረቅን ዕለት ይገጥምልዎታል።»

ግዛቸው እጁን ሰጣት። ጣቶቿ መዳፉ ላይ ተዘርግተው ቀሩ። ቆሞ ጠበቀ፤ ጋሪ ነጂዎቹም አብረው ጠበቁ። ኋላ እሷ እጇን ወደ ጭኗ መለሰች።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውሻውን ይዞ መጣ።