መልስ ያልጠበቀ ጥሪ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ ነበር። የባሌ ተዝካር አልፎ፣ የምኖርበት ቤት ካርታ ወደ እኔ እንዲዞርልኝ ነበር ጉዳዬ። ውስጥ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገችና «ተሳክቷል፣ እማማ» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይሄዳል። እኔ ግን ይህን ቃል ከወጣትነቴ ጀምሮ አላምነውም። ከመስኮቱ አልራቅሁም።

ያኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ፣ ከቁስቋም እስከ ፒያሳ በእግሬ የምመላለስ ልጅ ነበርሁ። የተቀጠርሁበትን ቢሮ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የገበሬ መሬት ይመዘገብበት ነበር። ጣሊያን በሠራው ሕንፃ፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ውኃ በሚያዥበት ክፍል ተቀምጬ የመዝገቡን ቋት፣ የዳታቤዙን ሥራ የምሠራው እኔ ነበርሁ። ጸሐፊዋ የምትጠቀምበትን ስክሪን የሚሠራው ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነበር። ስሙን አልጽፍም። ራሱን ያውቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ስም ያለው ትእዛዝ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ስቶርድ ፕሮሲጀር ይሉታል። ከውጭ ያለው ኮድ፣ ማለትም የባለሙያው ስክሪን፣ በስሙ ይጠራዋል፣ የሚያስፈልገውን ይሰጠዋል፤ ፕሮሲጀሩም የታዘዘውን ሠርቶ መልስ ይመልሳል። የእኔው ፕሮሲጀር ዜሮ ከመለሰ መሬቱ ዞሯል ማለት ነው። አንድ ከመለሰ ግን ምንም አልተነካም፤ በዚህ ስም የተመዘገበች ሚስት አላገኘሁም ማለቱ ነው።

አንድ የሚለውን መልስ የጨመርሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። መታወቂያዋ አባቷ ባወጣላት ስም ይሆናል። መሬቱ ሲመዘገብ ግን ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠራት አማቷ ባወጣችላት ስም ነውና በዚያው ትጻፋለች። ይህን ለባለሙያው ነግሬዋለሁ።

«አንድ ከመለሰልህ፣ ጸሐፊዋ ባለ ጉዳይዋን ሌላ ስም እንዳላቸው ትጠይቃቸው» አልሁት።

«አንቺ ደግሞ! ዳታቤዝ ነው የምንሠራው ወይስ ሰርግ?»

ክፍሉ ሁሉ ሣቀ። ኃላፊያችን አቶ ፈንታሁንም ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም።

ሐምሌ ውስጥ ከኮሶዬ አንዲት ሴት መጣች። ጋቢዋ የአገሯን ጉም እንደጠጣ ነበር። በጨርቅ የቋጠረችው ቅቅል ድንች ሽታ ያን ሻጋታ የሚሸት ክፍል ሞላው። ዝማም ትባላለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ያላት አንድ የገብስ ማሳ ነው። ጸሐፊዋ ስሟን ከመታወቂያዋ እያየች አስገባች። ስክሪኑ በአረንጓዴ «ተሳክቷል» አለ።

«አለቀ እንዴ?»

«አልቋል፣ እትዬ። ወረቀቱ ቀበሌ ይላክልዎታል።»

«ሸጋ ነው! እኔማ እስከ መስከረም የምታመላልሱኝ መስሎኝ!»

ድንቹን ፈትታ አከፋፈለችን። ባለሙያው ሁለት አነሣ።

መስቀል አልፎ ገብሱ ሊታጨድ ሲል ተመለሰች። የባሏ ታላቅ ወንድም ማሳዋ ላይ ችካል ተክሎባታል።

«ምነው? አልቋል አላላችሁኝም?»

መዝገቡን ከፈትሁት። የሚስት ስም አለምነሽ ይላል።

«አለምነሽ ማን ናት?» አልኋት።

«እኔ ነኛ! አማቴ ያወጣችልኝ ነው።»

ወንድምየው፣ አያ ሞላ፣ አለምነሽ የሚል መታወቂያ ያላት ሴት በቀበሌው እንደሌለች ምስክር አቁሞ መሬቱን ወደ ራሱ አዙሯል። ወንድም የሚጠየቀው ምስክር ብቻ ነውና ለእሱ ፕሮሲጀሩ ዜሮ መለሰለት። ያን ስም ያወጣችው የገዛ እናቱ ነበረች።

«ስሙ ሲወጣልኝ እኮ፣ እልል በሉ ያለው እሱ ነው!» አለች ዝማም።

ባለሙያውንና አቶ ፈንታሁንን አስጠራሁ። እያዩኝ ፕሮሲጀሩን በዝማም ስም ጠራሁት። አንድ መለሰ። ቀጥዬ የባለሙያውን ኮድ ከፈትሁ። ፕሮሲጀሩን ይጠራል፤ የመለሰውን ግን አይቀበልም። ጠርቶ በቀጥታ ወደ «ተሳክቷል» ያልፋል።

«ነግሬሃለሁ» አልሁት።

«ኮዱ ስሕተት ካላሳየ ተሳክቷል ማለት ነው» አለ፣ እኔን ትቶ አቶ ፈንታሁንን እያየ።

«ፕሮሲጀሩን የጻፈው ማን ነው?» አሉ እሳቸው።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ ከአንቺው ነው። እሱ የጠራው ያንቺን ነው።»

«ሴትዮዋስ?»

«ፍርድ ቤት አለላት።»

ዝማም ይህን ሁሉ በሩን ተደግፋ ትሰማለች። «አለምነሽም የለችም፣ ዝማምም አልተገኘችም» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያ ያን ገብስ ሲያርም የኖረው ማን ነው?»

አቶ ፈንታሁን ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

ፍርድ ቤቱ ምስክር ጠየቃት። አማቷ ሞታለች፣ ጎረቤቱም አያ ሞላን ይፈራል። በሚቀጥለው ክረምት የኮሶዬ ሰው አግኝቼ ስጠይቅ፣ ቆላ ወርዳ ሳንጃ የሰው ሰሊጥ ታርማለች አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬዋንም አልሰማሁ።

ባለሙያው ለማንም ሳይናገር ኮዱን አስተካከለው። እኔ አይቼዋለሁ። መልሱን ይቀበልና አንድ ከሆነ «ሌላ ስም አላቸው?» ብሎ ጸሐፊዋን ያስጠይቃል፤ ቃሉ ሳይቀር የእኔ ነው። አቶ ፈንታሁን የአገሩን ባህል ያገናዘበ ሥራ ብለው በስብሰባ አመሰገኑት፣ በዕድገትም ሄደ። እኔን ንብረት ክፍል ወንበር አስቆጠሩኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ኅዳር ላይ ቁስቋም ስትነግሥ ነጭ ለብሶ አገኘሁት። «እህቴ፣ የት ነበር የምንተዋወቀው?» አለኝ። «አንተዋወቅም» ብዬው አለፍሁ። ከዚህ የሚበልጥ ነገር አዘጋጅቼ ስኖር ነበር፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ይኸው ብቻ ሆነ።

«እማማ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለችኝ የመስኮቷ ልጅ።

«ልጄ፣ ካርታው ላይ የሚስት ስም ማን ይላል?»

«እሱ እኛ ጋ አይታይም። ሲስተሙ ነው የሚያውቀው።»

«የተመለሰውስ መልስ ምንድን ነው?»

«ተሳክቷል አልሁዎት እኮ!» አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሣቁ።

ለእኔም አማቴ ስም አውጥታልኝ ነበር። ቤቱን ያስመዘገበው ባሌ ነው፤ በየትኛው ስሜ እንዳስጻፈኝ ሳልጠይቀው ሞተ። ያኔ መልሱን በዓይኔ አይቼ እንኳ ለዝማም አንድ ትልም አላተረፍሁላትም፤ ዛሬ ጭራሽ የሚያሳየኝም የለ።

ጃንጥላዬን አነሣሁና ወጣሁ። የባሌ ወንድም ሰሞኑን እየተመላለሰ ይጠይቀኛል። ትናንት ሲወጣ ግቢው መሐል ቆሞ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ በመስኮት አይቼዋለሁ።