ቀንድ የሌላት ሽጉጥ

በዚህ በእኛ የኮሎራዶ ሸለቆ ጠመንጃ ያልጫነ ፒካፕ ማየት ዘበት ነው። ከኋላ መስታወቱ ላይ ተጋድሞ ይሄዳል፤ «ምነው፣ ማንን ልትገድል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀበሮ አለ፣ እባብ አለ፣ እግሩ የተሰበረ ጥጃ አለ። ሰው በሸሚዙ ስር ትንሽ ሽጉጥ ደብቆ ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለቀበሮ ብሎ ሽጉጥ የሚደብቅ የለም። የሚደበቀው ለሰው ነው፤ ያውም በሸለቆው ካለነው ለአንዳችን።

ዳርላ ሆይት ይህን አሳምራ ታውቃለች። እያወቀች ነው የገዛችው። ፍርሃት ሰውን ምን የማያደርገው አለ!

ሃምሳን ያለፈች፣ በበረዶው ወራት የተማሪ አውቶቡስ የምትነዳ ሴት ናት። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የቦያችን የውሃ አባት ነበሩ። ከወንዙ የሚወጣውን ውሃ የየእርሻውን በር እየከፈቱና እየዘጉ ለአሥራ አንድ ቤተሰብ በተራ የሚያድሉ ማለት ነው። ስሙ ያምራል እንጂ የውሃ አባት የሚበላው ስድብ ነው፤ ገበሬው ሲከፍቱለት «ዘገየህ» ይላል፣ ሲዘጉበት እናት አባት ይሰድባል። የዘንድሮው ደግሞ ባሰ። ተራራው ላይ በረዶ ሳይጥል ቀረና ወንዙ ገና በግንቦት ድንጋዩን አሳየ።

ያን ጊዜ የውሃ አባቱ ድዌይን የሚባል ሰው ነበር። አንድ ማለዳ ጎንበስ ብሎ በር ሲያዞር ጥይት ጮኸ። ቀና ሲል የመኪናው የፊት መስታወት፣ ልክ በሹፌሩ ወንበር አንጻር፣ ተበስቷል። ሸሪፉ መጥቶ ጣቱን በቀዳዳው ሰደደና «አዳኝ ይሆናል» አለ። በግንቦት ምን አዳኝ አለ! ድዌይን ቁልፎቹን ለቦዩ ማኅበር አስረክቦ ልጁ ወዳለበት አገር ነጎደ። ሥራውን የሚነካ ጠፋ። ዳርላ ወሰደችው። «የአባቴ ሥራ ነው፣ ማን ይነካኛል» ብላ።

አፏ እንዲህ አለ እንጂ ሆዷስ! የውሃ በር የሚዘጋው በብረት መዘውር ነው፤ መዘውሩ ዝገት የበላው፣ ሁለት እጅ ካልያዘው ንቅንቅ የማይል ነው። በቦዩ ላይ የተጋደመች ጠባብ ሳንቃ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ጎንበስ ትያለሽ፣ ጀርባሽን ለእርሻውና ለመንገዱ ትሰጪያለሽ። መኪና ውስጥ ያለው ጠመንጃ ያን ጊዜ ምን ይፈይዳል? በየበሩ ባጎነበሰች ቁጥር በሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል ያለችው ቦታ ትቀዘቅዛለች። ፀሐዩ አናት እየበሳ እሷን ይበርዳታል።

ከሁሉ የሚከፋው የምትፈራውን አለማወቋ ነው። የተኮሰው ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። አባቷ ሲሞቱ ሣጥን የተሸከሙት፣ ድስት ሙሉ ምግብ ይዘው የመጡት እነዚሁ ናቸው። እኛ አገር መንገድ ላይ የሚተላለፍ ሹፌር እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ አንድ ጣት ብድግ ያደርጋል፤ ሰላምታው ይኸው ነው። ዳርላ እንደ ወትሮው ጣቷን እያነሳች የእያንዳንዱን ጣት ታያለች። ይህ ይሆን? ወይስ ያኛው?

በመጨረሻ መርና ሱቅ ገባች። መርና ፊት ለፊት መኖና የአጥር ሽቦ፣ ከኋላ ሽጉጥ ትሸጣለች።

«ለእባብ ነው ለሰው?» አለች መርና፣ ገና እጇ ወዴት እንደጠቆመ ስታይ።

«ለሥራ ነው።»

«ሥራሽ ስንት እግር አለው?»

«ባክሽ አታሹፊብኝ፣ መርና።»

መርና ፊቷን አየችና ሹፈቱን ተወች። ባንኮኒው ላይ ፎጣ ዘርግታ ሦስት ትንንሽ ሽጉጦች ደረደረች፤ ባዶ መሆናቸውንም አንድ በአንድ ከፍታ አሳየቻት። የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ነው፣ ኪስ ውስጥ ከነመኖሩም አያስታውቅ። «የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳቢው» አለቻት። ዳርላ አውራ ጣቷን ቁርጥማት ይዞታል፤ ብረቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀረ።

«ተዪው። ጭቃና አሸዋም አይወድም፣ አንቺ ደግሞ ከጭቃ አትወጪም።»

ሁለተኛዋ አምስት ጥይት የምትጎርስ ናት፤ ከኋላዋ መምቻዋ እንደ ግልገል ቀንድ ብቅ ብሏል። መርና የዳርላን ቀበቶ ስባ በሆዷ በኩል ሻጠችላትና ሸሚዙን መለሰችበት። «በይ አሁን ሰው መጣብሽ። አውጪ!» ዳርላ መዠረጠች። ቀንዷ ጨርቁን ያዘ፤ ሸሚዙ ተጎትቶ ሆዷ ተራቆተ እንጂ ሽጉጧ አልወጣችም።

«አየሽ? ሞተሻል» አለች መርና።

ሦስተኛዋም አምስት ጎራሽ ናት፣ ግን ቀንድ የላትም። ጀርባዋ ልሙጥ ነው፣ ቅልል ያለች። ዳርላ እጇን ከመስደዷ ሽጉጧ ወጥታ መዳፏ ላይ ተቀመጠች። እሷ ራሷ ደነገጠች።

«እንደ ሳሙና ነው የምታመልጠው፤ የሚይዛት ነገር የለም። ስትተኩስ ግን እጅ ትነርታለች፣ አልዋሽሽም። በይ ጎንበስ በይ፣ መዘውር እንደምታዞሪ ሁኚ… እህ። ትንሽ ታብጣለች። ሰፊ ሸሚዝ ልበሺ።»

«ይችን ስጪኝ።»

«ማንን ነው ግን የፈራሽው?»

«ባውቀውማ ሽጉጥ ምን ያደርግልኛል? እሱ ካለበት አልደርስም ነበር። ከአሥራ አንዱ አንዱን ነው።»

«ውይ፣ እኔስ? ከዚያ ቦይ አይደል እንዴ የምጠጣው!» መርና ከት ብላ ሳቀች።

ዳርላም ልትስቅ ሞከረች። እውነት ነው፣ የመርና የባቄላ ማሳ ከላይ ሦስተኛው በር ላይ ነው። ይህን እንዴት ረሳችው? ዓይኗ ፎጣው ላይ ባለው የመርና እጅ ላይ ቀረ። መርናም አየቻት። ሳቁ ቆመ።

እንዲህ ሆና ታጠቀች። ሰው «ይዤ ስሄድ ፍርሃቴ ይቀላል» ይላል። እኔ እላችኋለሁ፣ ውሸት ነው! ዳርላ ቀድሞ የምትፈራው ጎንበስ ስትል ነበር፤ አሁን ቁርስ ስትበላም ትፈራለች። ብረቱ ሆዷን በነካ ቁጥር «አንዱ ሊገድልሽ ነው» ይላታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ እጇ ወደ ሸሚዟ ይሮጣል።

መጀመሪያ ሽጉጧን ያዩባት ቨርል ኦትማን ናቸው። ቨርል ሰባ ዘጠኝ የሞላቸው፣ የአባቷ ወዳጅ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ «አጎቴ» የምትላቸው ሽማግሌ ናቸው። የኮክ ዛፎች አሏቸው፤ ፍሬው ሲደርስ በየሳምንቱ አንድ ከረጢት መዘውሩ ላይ ያንጠለጥሉላታል። አንድ ቀን ትራክተራቸው ላይ ሆነው ሲያዩዋት ጎንበስ አለች፣ ነፋስ ሸሚዟን ገለበው። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቨርል ትራክተሩን አዙረው ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት መዘውሩ ላይ ኮክ አልነበረም።

ወሬውማ ቀድሟት ምግብ ቤት ገብቷል። «የውሃ እናታችን ታጠቀች አሉ!» አለ አንዱ፣ እንቁላሉን እያላመጠ። «እኔ ዛሬ የሰጠችኝን ያህል ነው ውሃዬን የምቀበላት፣ አፌን ዘግቼ!» ቤቱ ሳቀ። ሲስቁ ግን አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩዋትም። ከዚያ በኋላ በየበሩ የሚጠብቋት ሰዎች አቋቋማቸው ተለወጠ። አንዱ እጁን ከጃኬቱ ኪስ አያወጣም፤ በዚያ ሙቀት ጃኬት! ሌላው ወገቡን ይነካካል። አንድ ቀን መርና መኪናዋን አጠገቧ አቁማ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«ጉድ ልንገርሽ፣ አንቺ ከገዛሽ ወዲህ ቀንድ የሌላቸው አለቁብኝ። አሁን ቀንዳሞቹን ነው የምሸጠው።»

«ለማን?»

«ለማን ትያለሽ? ለቦዩ ሰው ነዋ። ‹ዳርላ ከመካከላችን አንዱን ብትፈራ ነው፤ የምታውቀው ነገር አለ› ይላሉ።»

መርና ከሄደች በኋላ ዳርላ መኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። በግንቦት ለሰው ብሎ የታጠቀ አንድ ሰው ነበር። አሁን ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል፤ ያስታጠቀቻቸው ደግሞ እሷ ናት።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ጭርሱን ሲጎድል ማኅበሩ የሁሉም ተራ እንዲያጥር ወሰነ። የቨርልን በር ከቀኑ አስቀድማ መዝጋት ነበረባት፤ ከቦዩ ጫፍ ያሉት ወጣት ባልና ሚስት በቆሏቸው ሊያርር ነው። ረፋድ ላይ ስትደርስ ቨርል ሳንቃው ራስ ላይ ቆመዋል። ግራ እጃቸው ከጎናቸው ተንጠልጥሏል። ቀኙ በቱታቸው የደረት ኪስ ውስጥ ነው።

«ልትዘጊብኝ ነው» አሉ።

«ማኅበሩ ነው፣ አጎቴ። የኔ ፈቃድ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ዝጊዋ።»

ዳርላ አልተንቀሳቀሰችም። ለመዝጋት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፣ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፣ ለእሳቸው ጀርባ መስጠት ያስፈልጋል። ቀኝ እጇ ከሸሚዟ ስር ገብቷል፤ መቼ እንደገባ አላወቀችም።

«እጅዎን ያውጡ፣ አጎቴ።»

«አንቺ ቅደሚ።»

«እርስዎ ይቅደሙ።»

በር ላይ የተገናኙ እንግዶች ይመስል! ግን አንዳቸውም አልቀደሙም።

«ሰባ ዘጠኝ ዓመት በኪሴ ከሴንጢ በቀር ይዤ አላውቅም» አሉ። «አባትሽን ቀብሬዋለሁ። ምን አድርጌሽ ነው የፈራሽኝ?»

«እርስዎን አይደለም።»

«ታዲያ ማንን?»

«ከእናንተ አንዱን… አላውቅም! አላውቅማ! ማን እንደሆነ አላውቅም!»

«እንግዲያው እኔንም ነው» አሉ ቨርል።

ውሃው ከእግራቸው ስር ተራው ወዳለቀ ማሳ ይፈሳል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ዘርግተው መዘውሩን ያዙ። ዳርላም በግራዋ ያዘች። እንዲያ ሆነው፣ ፊት ለፊት፣ አንድ አንድ እጃቸውን አዋጥተው አዞሩት፤ ሌላ ሌላው እጅ ካለበት አልወጣም። ዝገቱ ጮኸ፤ በሩ ቀስ እያለ ወረደና ውሃው ቆመ።

ከዚያ ሁለቱም ወደ ኋላ መራመድ ጀመሩ። ጀርባ የሚሰጥ የለም። ቨርል ከሳንቃው ወርደው ሁለተኛውን እርምጃ ሲያደርጉ ተረከዛቸው ትልሙን መታው፣ በጀርባቸውም ወደቁ። ሲወድቁ ቀኝ ክንዳቸው ተወራጨ።

ዳርላ ሽጉጧን አላወጣቻትም፤ ራሷ ወጣች ብትባል ይሻላል። የሚይዛት ነገር የለማ። ጣቷ ቃታው ላይ፣ አፈሙዙ የሽማግሌው ደረት ላይ። ቨርል መሬት ላይ ሆነው እጃቸውን ከኪሳቸው ለማውጣት ይታገላሉ፣ ይጎትታሉ፣ አልወጣ ይላቸዋል። የቱታው ጨርቅ ተወጥሯል። በጨርቁ ውስጥ ቀንዷ ጎልታ ትታያለች።

ቀንዳሟ! መርና የቀራትን ነበር የሸጠችላቸው። ያቺ ቀንድ ጨርቁን ባትይዝ ኖሮ ሽማግሌው ብረት መዝዘው ነበር፤ ብረት ካየች ደግሞ እንደምትተኩስ ዳርላ በጣቷ ታውቀዋለች፣ ቃታው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቨርል መጎተቱን ተዉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በይ እንግዲህ» አሉ።

ዳርላ ጣቷን ለማላቀቅ ጊዜ ፈጀባት። ሽጉጧን ሳንቃው ላይ አስቀመጠች፤ ጎንበስ አለች፣ በብብታቸው ስር ሁለት እጇን ሰዳ አነሳቻቸው። ሽማግሌ ማንሳትም ሁለት እጅ ይጠይቃል። እንደ ባዶ ጆንያ ቀለሏት። ትከሻዋ ላይ ተደገፉ፤ እሷም «ይቅር ይበሉኝ፣ አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» ትላለች።

«ድዌይን ላይ ማን ነበር የተኮሰው?» አሉ ቨርል በሹክሹክታ። «የእውነትሽን ንገሪኝ።»

«አላውቅም። እርስዎስ?»

«እኔም አላውቅም።»

ያን ጊዜ በዳርላ ትከሻዎች መሃል ያቺ ቦታ ቀዘቀዘች፤ ጀርባዋ ለመንገዱ ነበር። የመኪና ድምፅ ሰምታ ዞረች። አንድ ፒካፕ ፍጥነቱን ቀንሶ እያለፈ ነው፤ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስላንጸባረቀ የሹፌሩ ፊት አይታይም። ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብድግ አለ።

ዳርላም ቨርልም እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አነሱ። ሁለቱም በዓይናቸው የሚፈልጉት ግን የሹፌሩን ሌላኛውን እጅ ነበር፤ እሱ ደግሞ አይታይም።