ኮከብ ታያለች የተባለችው ሶስና

ሶስና የዳንግላ ልጅ ናት። አሁን ቆሰበር ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ስራዋ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሲባል እንግዲህ ለቤት መሰረት የሚሆነው ብቻ አይደለም። ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ አለ፤ ከጨረቃ ተፈንጥሮ ምድር ላይ የተገኘም አለ። እሱን ትቆርጥና ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፍቃ ፍቃ አሳስታ መስታወት ላይ ትለጥፈዋለች። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ከምን ከምን እንደተሰራ ታያለች። ካላየችው አትጽፍም። ተማሪ «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ከጻፈላት «አየኸው ወይስ አላየኸውም?» ትለዋለች። ሌላ ቁጣ የላትም።

ዝምተኛ ናት። መንገድ ዳር ጎንበስ ብላ ድንጋይ ስታነሳ ሰው ካያት ታፍርና ጫማዋን የምታስር ትመስላለች። ቦርሳዋ ሁልጊዜ ከባድ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች «ዶክተር፣ ዛሬም ጤፍ ነው የጫንሽው?» ይሏታል። እሷም ቀስ ብላ «ዛሬስ ባቄላ ነው» ትላለች።

የተከራየችው እትዬ ደጊቱ ግቢ ነው። እትዬ ደጊቱ ተከራይዎ ምንድን ነው ስራዋ ተብለው ሲጠየቁ «የሰማዩን ነው የምታይ፣ ኮከቡን ጨረቃውን» ይላሉ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

እትዬ ደጊቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ጥርባ አጠገብ የሚያርሱ ወንድም አላቸው፤ አቶ ዓለምነው ይባላሉ። ውቢት የምትባለው የአቶ ዓለምነው ልጅ አስማረ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ወደደች፤ እሱም ሽማግሌ ላከ። አቶ ዓለምነው ልጁን አልጠሉትም። ግን አዘና በኩል ወዳለ ኮከብ ቆጣሪ ሄደው የሁለቱን ስም ከነእናቶቻቸው ስም አስቆጠሩ። «እሱ እሳት፣ እሷ ውሃ። አይገጥሙም፣ ትዳራቸው አይከርምም» ተባሉ። ሽማግሌዎቹ ባዶ ተመለሱ። ውቢትም አክስቷ ቤት መጥታ እህል አልቀምስ አለች።

ሶስና ውቢትን እንደ ታናሽ እህት ነው የምታያት። ውቢት ከመጣች ድንጋዮቹን በሳፋ አድርጋ በብሩሽ ታጥብላትና «አገር ልብስ ያጥባል፣ እኛ ቤት ድንጋይ ይታጠባል» እያለች ታስቃታለች። ያን ሰሞን ግን ሳፋውን ይዛ ብሩሹን ሳታነሳ ትቀመጣለች።

እትዬ ደጊቱ ሶስና ክፍል ገብተው በሩን መለስ አደረጉት።

«ሶስናዬ፣ ወንድሜ ገበያ ሲወጣ አንች ዘንድ ይመጣል፤ ነግሬዋለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይገጥማል በይው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የሰው ኮከብ አላውቅም።»

«ማን እወቂ አለሽ? በይ ነው ያልሁሽ።»

ሶስና ተጨነቀች። አንድ ቃል ናት፤ ይገጥማል ብትል ውቢት እህል ትቀምሳለች። ግን ያላየችውን አየሁ ብላ አታውቅም። ነገ ባልና ሚስቱ ቢጣሉስ? ባትልስ የዚያች ልጅ ፊት እንዴት ይታያል?

አቶ ዓለምነው በገበያ ቀን ድንች በከረጢት ይዘው መጡ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ማይክሮስኮፑ ያለበት ክፍል ገብተው ወንበር ላይ ዳር ዳሩን ተቀመጡ።

«እንግዲህ ስማቸውን ልንገርሽ፣ የእናቶቹንም ይዣለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም» አለች ሶስና መሬት መሬት እያየች። «የሰው ኮከብ ማየት አልችልም።»

«ታዲያ ደጊቱ?»

«የማየው ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይማ እኔም አለኝ» አሉ። «ማሳው ሙሉ ነው፤ ማረሻ እየሰበረ አስቸግሮኛል።»

ሰውየውን በባዶ መሸኘቱ ከበዳትና «ከመጡ አይቀር ይዩት» አለቻቸው። አቶ ዓለምነው ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረጉ።

«ጥለት ነው እንዴ? ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ…»

«የጨረቃ ድንጋይ ነው። ስስ ሆኖ በዚህ መብራት ሲታይ እንዲህ ያምራል።» መስታወቱን ቀየረችላቸው። «ይህኛው ደግሞ የጥርባ ነው፤ ከማሳዎ በላይ ካለው መንገድ ያነሳሁት።»

ቆዩበት። «ያው ነው እኮ።»

«በተሰሩበት ነገር ይቀራረባሉ። ሁለቱም ቀልጠው ከእሳት የወጡ ናቸው።»

«የኛው ግን ዳር ዳሩ ዝጓል።»

«ውሃ ነው ጋሼ። የጨረቃው እዚያ ሳለ ውሃ አላገኘውም፤ ከእሳት እንደወጣ ሳይለወጥ ስንት ዘመን ኖረ። የኛን ውሃ ገባበትና ቀላ። እየቆየ ይፈርስና አፈር ይሆናል።»

«ቀዩ አፈር?»

«አዎ።»

«ይሄን ድንች ያበቀለው?»

«እሱው።»

«ጨረቃው ላይስ ምን ይበቅላል?»

«ምንም።»

አቶ ዓለምነው ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። «እሳት ነበር አልሽኝ፤ ውሃ ገባበት አልሽኝ» አሉ ለራሳቸው። ሶስና የተናገረችው ነገር ያን ጊዜ ነው የገባት። ስለ ድንጋይ እንጂ ስለ ትዳር ያወራች አልመሰላትም ነበር። እሳቸው ባርኔጣቸውን አደረጉና «ድንቹን ለደጊቱ ስጫት» ብለው ወጡ።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ቆሰበርን አዳረሰው። ዶክተሯ በመሣሪያ አይታ ኮከባቸው ገጥሟል አለች ተባለ። ውቢት ምሳዋን በላች፤ ሽማግሌዎቹም ድጋሚ ተላኩ። የሶስና ደስታ ግን ጎዶሎ ሆነ፤ ያላለችው ነገር በስሟ ይዞራል። ጭራሽ አንዲት እናት የልጃቸውን ስም ይዘው በር ላይ ሲጠብቋት ባጃጅ ይዛ ጥርባ ሄደች። አቶ ዓለምነው ድንች ሲቆፍሩ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ይገጥማል አላልሁም።»

«አላልሽም።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ይወራል?»

አቶ ዓለምነው ቀና ብለው ላባቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ ያልሁት። የከለከልሁት በኮከብ ነበር። አሁን ድንጋይ አይቼ ተመለስሁ ብል አገር አይስቅብኝም?»

«ውሸት ሆነ እኮ ጋሼ።»

«ውሸቱ የኔ ነው፤ አንችን ምን አገባሽ? ሰርጉ ይለፍ እንጂ እኔው እናገራለሁ።»

«በር ላይ ለሚጠብቁኝስ ምን ልበል?»

«ለኔ ያልሽውን ነዋ። አላውቅም በያቸውና ድንጋዩን አሳዪያቸው።»

 ድንች በፌስታል ሞልተው ሰጧትና ተመለሰች።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ሶስና ዳስ ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ሳለ የሙሽራው አጎት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ኮከባቸውን ያየሽው አንች ነሽ አሉ፤ እውነት ነው?»

ሶስና ፊቷ ቀላ። ውቢት ከወዲያ ሆና በሳቅ ታያታለች። አቶ ዓለምነው ደግሞ ጠላቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«ያየሁት ድንጋይ ነው» አለች ሶስና። ከበሮው ድምጿን ዋጠው።

«ምን አለች?» አሉ አጎትየው ወደ እትዬ ደጊቱ ዞረው።

«ይገጥማል ነው የምትል» አሉ እትዬ ደጊቱ፣ እንጀራ እየጨመሩላቸው።