ማታ የሚፈሰው ውሃ

ሰፈሩ ሙጫ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን የተሰነጠቀ ባልዲም ሆነ የወላለቀ ወንበር እጁ ከገባ ሳይጣበቅ ስለማይወጣ ሙጫ ሆኖ ቀረ። ቅጽል ስሙን ይወደው ነበር። «የሚሞተው ሰው ነው እንጂ ዕቃ አይሞትም» እያለ ይጎርርበት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄኔ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ውሃልክ ይባላል። የባክሆ ሎደር ኦፕሬተር ነው፤ ያቺ ከፊቷ ሰፊ አካፋ፣ ከኋላዋ የሚታጠፍ መቆፈሪያ ክንድ ያላት፣ ግማሿ ትራክተር ግማሿ ጊንጥ የምትመስል ማሽን። እሱ የቆፈረው ቦይ ወለል ላይ የግንበኞች ውሃ ልክ ቢቀመጥ አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ ትላለች ይባል ነበር። እውነት ይሁን ማጋነን አይታወቅም፤ ለክቶ ያየ የለም። እሱም አላስተባበለም። ቁጥብ ሰው ነው፤ በቀን የሚናገረው ለሙጫ አፍ ማሟሻም አይበቃም።

ወንድማማቾቹ ማሽኗን ሲገዟት እሷ ቀድሞውኑ ባለቤቶቿን እያስረጀች የመጣች ነበረች። እያሳለች፣ እየተንጠባጠበች፣ በየመንገዱ እየቆመች ወደ ግቢው ስትገባ የውሃልክ ሚስት በሩ ላይ ቆማ አየቻትና «ባልቴት አመጣችሁልኝ? እኔ አንዱን ባል ማስታመም አንሶኝ ነው?» አለች። ሁሉም ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኗ ባልቴቷ ተባለች።

ባልቴቷም እንደ ስሟ ነበረች። ዛሬ አንዱ የሃይድሮሊክ ቱቦዋ ይፈነዳል፣ በማግስቱ የክንዷ ጃክ ዘይት ያለቅሳል። የመገጣጠሚያ ፒኖቿ ተበልተው ክንዷ እንደ ወላቃ ጥርስ ሲነቃነቅ ሙጫ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስቀረጸ፤ ስትቆፍር የምትደገፍበት የቀኝ እግሯ አልዘረጋ ሲል ፈታቶ ዘይት በሚይዝ አዲስ ጎሚኒ ገጠመ። ጠዋት ጠዋት በየመገጣጠሚያዋ ግሪስ ይግታታል፤ አየር ማጣሪያዋን አውልቆ ያራግፋል፤ የዘይት መለኪያዋን መዝዞ እንደ ሐኪም ያያል። ወንድሙ ይነዳል፣ እሱ ይጠግናል። ሚስት አላገባም፤ ከወንድሙ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። የእነ ውሃልክ ቤት የቆመው በባልቴቷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ የሙጫም ሕይወት እንደዚያው።

ራዲያተሯ ግን የማይድን በሽታ ነበረባት። ሙጫ በየት በኩል ቢበይዳት በሌላ በኩል ታነባለች፤ ብርድ የሚከላከለው ፈሳሽ ቢጨመርባት ሳምንት ሳይሞላ መሬት ይጠጣዋል። ስለዚህ የምትሠራው በተራ ውሃ ነበር። በውርጭ ወራት ደግሞ ውሃ ሞተር ውስጥ አያድርም፤ ከረጋ ያብጣል፣ ሲያብጥ ብረት ይሰነጥቃል። መላው አንድ ብቻ ነበር፤ ማታ ማፍሰስ፣ ጠዋት መሙላት።

ማንም ሳይወስነው ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ማታ ከመቀመጫዋ የሚወርደው ውሃልክ ስለሆነ ማፍሰሱ የእሱ ሆነ። በጀርባው ተንጋሎ ከሥሯ ይገባና ትንሿን የማፍሰሻ ቧንቧ በሁለት ጣቱ ይጠመዝዛል፤ ዝገት የቀላቀለው ውሃ በክንዱ ወርዶ እስከ ክርኑ ያርሰዋል። ሚስቱ ፎጣ ይዛ በር ላይ ትጠብቀዋለች። «ይኸው ደግሞ ነጩን ፎጣ ሸክላ አስመሰልከው!» ትለዋለች፤ ይስቃል። ጠዋት ቀድሞ የሚነሳው ሙጫ ነውና መሙላቱ የእሱ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ በባልዲ ተሸክሞ ይመጣል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ ይሞላል፣ ያስነሳታል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያቺን ቧንቧ አንድም ማታ ነክቷት አያውቅም። ማታው የእሱ አልነበረማ።

ውሃልክ የወደቀው በውርጩ ወራት ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከባልቴቷ እንደወረደ። ሚስቱ ስትጮህ ሙጫ ከክፍሉ በባዶ እግሩ ወጣ። የወንድሙ ፊት ግማሹ ወርዶ፣ ቀኝ እጁ የሌላ ሰው መስሎ ተንጠልጥሎ አገኘው። አዝሎ እስከ አስፋልት ሮጠ፤ ያገኙትን መኪና አስቁመው ሆስፒታል ገቡ።

አልጋ ላይ እንደተኛ ውሃልክ ግራ እጁን አነሳ። ምላሱ ተሳስሯል፤ ጣቶቹን ግን አጣብቆ በአየር ላይ ይጠመዝዛል።

«ሬዲዮ ነው» አለች ሚስቱ እንባዋን እየጠረገች፤ «ዜና ሳይሰማ ተኝቶ አያውቅም።» ከጎን አልጋ ሬዲዮ ተዋሰችና አጠገቡ አኖረችለት። ገፋው። እንደገና ጠመዘዘ።

«ኧረ እትዬ፣ መብራቱ ዓይኑን ወግቶት ነው» አለ ሙጫ፤ ማብሪያውን አጠፋው። ውሃልክ በጨለማው ውስጥም እጁን አላወረደም። ነርሷ የመድኃኒቱ ቱቦ አስጨንቆት ይሆናል ብላ አላላችለት። በመጨረሻ ሰውየው አለቀሰ። ሲያለቅስ አይተውት አያውቁምና በሽታው ነው ብለው እነሱም አብረውት አለቀሱ።

ሲነጋ ሐኪሟ ሁለቱን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ «ከሞቱስ ተርፏል» አለች። «ከእንግዲህ መድኃኒቱ እሱ ራሱ ነው። በየቀኑ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ፣ ለመቀመጥ መታገል አለበት። ተስፋ የቆረጠ በሽተኛ አልጋ ላይ ይቀራል። ልነሳ የሚልለት ነገር አለው?»

«አለው እንጂ! ባልቴቷ አለችለት!» አለ ሙጫ። ሐኪሟ የውሃልክን ሚስት ዞር ብላ አየቻት። «ማሽን ናት» አለች ሚስት፣ በዚያ ሁሉ መሐል ፈገግ ብላ።

ሙጫ ወደ ወንድሙ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ቃል ገባ። «ጋሼ፣ አይዞህ። እስክትነሳ ድረስ በየጠዋቱ አስነሳታለሁ። ቤት ስትመለስ አልጋህ ላይ ሆነህ በመስኮት ትሰማታለህ።» ወንድሙ ዓይኑን ጨፈነ። ሙጫ እሺ ያለው መሰለው።

ቤት ሲደርስ ሣሩ ላይ ውርጩ አልቀለጠም። ውሃ ለብ አድርጎ በባልዲ ያዘ፤ ልማዱ ነው። ባልቴቷ ላይ ወጣና የራዲያተሯን ክዳን ከፈተ።

ሙሉ ነበረች።

ጠዋት ሞልታ አግኝቷት አያውቅም። እስከ አፏ ድረስ ነጭ በረዶ ግጥም ብሏል። ሙጫ ባልዲውን ጣለና በጀርባው ከሥሯ ገባ፤ ቧንቧዋን በዳበሳ አገኛት፤ በሁለት ጣቱ ይዞ ጠመዘዘ። ጠብታም አልወጣም። ያኔ እጁን አየው። ጣቶቹን አጣብቆ፣ አንጓውን እያዞረ። ይህን ነው ወንድሙ ሌሊቱን ሙሉ ያሳየው። ሬዲዮ ሰጡት፣ መብራት አጠፉበት። ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም፤ አንድ ሰው ሮጥ ብሎ መጥቶ ያቺን ቧንቧ ቢከፍታት ኖሮ በቃ ነበር። ሙጫ እዚያው ቆሻሻው ላይ ተንጋሎ ደረቱን መታ። ወንድሙ ከሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የነገረውን አልሰማውም።

ቀን ላይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ከሞተሩ ጎን እየተንቆረቆረ ወጣ። ስንጥቁ ስንዝር ይሆናል።

በያጁ፣ ጎረቤት የሚኖር አዛውንት፣ ስንጥቁን በጥፍሩ ዳብሶ ከንፈሩን መጠጠ። «ይህ ጊዛ ነው ልጄ። ጊዛ ኩሩ ብረት ነው፤ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። እዚህ ብበይደው አጠገቡ ይቀደዳል።»

«ይሞከር፣ አባባ።»

ሞተሩን በከሰል አግለው በየዱት፣ ቀስ ብሎ እንዲበርድ በአመድ ሸፈኑት። በያጁ ሲሄድ ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀው። «ዘይቷን እያት። ነጭ ሆኖ ካገኘኸው ስንጥቁ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያኔ እንዳታስነሳት! ሌላ የሞተር አካል ተፈልጎ ቢገኝ፣ የቀረው ጤነኛ ነውና ትድናለች። ውሃ በገባው ዘይት ካስነሳሃት ግን ሆዷን ትበላዋለች፤ ለቁራሌውም አትሆን።»

ብየዳው ያዘ። ውሃልክ ቤቱ ተመልሶ መስኮቱ ሥር በተኛ በማግስቱ ባልቴቷ አስላ፣ ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሳች። ሚስቱ ከቤት «ሳቀ! ኧረ ሳቀ!» ብላ ጮኸች። ግማሽ ፊት ነው የሳቀው፤ ግን ሳቀ። በዚያው ዕለት ትራስ አስደግፈውት እግሩን ሲያንቀሳቅሱለት አልተቆጣም። ማታ ላይ ጣቶቹን ጠመዘዘ። አሁን ገባቸው። ሙጫ ወጥቶ ውሃውን አፈሰሰና እስከ ክርኑ ርሶ ተመለሰ። ውሃልክ ያን እርጥብ እጅ ያዘው፤ ሚስቱ በፎጣ ስታደርቀው ዝገቱ ፎጣው ላይ ቀረ። በሽተኛው ፎጣውን አይቶ ተኛ። በየማታው እንዲህ ሆነ። ሐኪሟ መጥታ አየችውና «እንዲህ ከቀጠለ ራሱን ችሎ ይቀመጣል» አለች።

አንድ ጠዋት ሙጫ የዘይት መለኪያውን ሲመዝ ወተት የነካው ሻይ መስሎ ወጣ።

መለኪያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የበያጁ ቃል ጆሮው ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል የእትዬ ድምፅ ተሰማ። «አሁን ያስነሳታል፣ ትንሽ ጠብቅ፤ ይኸው አሁን!» ለባሏ ነው የምትነግረው። ሙጫ መለኪያውን በሱሪው ጠርጎ መለሰና አስነሳት።

ለአንድ ቀን ብቻ ብሎ ነበር። ነገር ግን ነጋ፤ መስኮቱም እዚያው ነበረ። ዘይቷን ይቀይርላታል፣ ወዲያው ይነጣል። ቃናዋ ተለወጠ፤ ከሥር አንዳች ነገር ያንኳኳ ጀመር፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ እንደ መዶሻ። የወንድሙን ተስፋ ለማቆየት የባልቴቷን ነፍስ እየፈጨ እንደሆነ ሙጫ ያውቃል። ሁለቱንም ማዳን እንደማይችል ያውቃል፤ ምናልባት አንዱንም።

«ንገረው» አለችው እትዬ በጓዳ።

«ምን ብዬ ልንገረው? ሌሊቱን ሙሉ ስትለምነን አልሰማንህም ልበለው?»

ሬዲዮውን ያመጣችው እሷ ነበረች፤ ድስቱን ከፍታ ማማሰል ጀመረች።

ማታ ውሃልክ ጣቶቹን ሲጠመዝዝ ሙጫ ይወጣል። ከባልቴቷ ሥር ይገባል፣ ቧንቧውን ይከፍታል፤ የሚወጣ የለም። ጠዋት የሞላው ውሃ ሁሉ በስንጥቁ አልቋል። ወትሮ ሲፈስ የሚፈጅበትን ያህል እዚያው ተጋድሞ ይቆያል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለው የቧንቧ ውሃ ክንዱን እስከ ክርኑ አርሶ ይገባል። «ፈሰሰ፣ ጋሼ» ይላል።

አንድ ማታ ውሃልክ እርጥቡን እጅ እንደያዘ አልለቀቀም። ሚስቱ የሙጫን ክንድ ስታደርቅ ጠበቀ፤ ከዚያ ግራ እጁን ዘርግቶ ፎጣውን ከእጇ ወሰደ። ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋው፤ በመዳፉ አስተካከለው። ፎጣው ነጭ ነበር። አንዲት የዝገት ነጥብ አልነበረችበትም። ወንድሙን ቀና ብሎ አየው። ሙጫ መሬት መሬቱን አየ። ውሃልክ ፎጣውን በአንድ እጁ እየታገለ አጠፈና ለሚስቱ መለሰላት።

ጠዋት ሙጫ እንደ ልማዱ ሞላ፤ እንደ ልማዱ አስነሳ። ባልቴቷ በግድ ተነሳች። ማንኳኳቷ ግቢውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ጎረቤት በሩን ዘጋ። ሙጫ ወደ መስኮቱ ላለማየት ፊቱን አዙሮ ነበር፤ መጋረጃው ሲገለጥ ግን በዓይኑ ጥግ ታይቶት ዞረ።

ውሃልክ ተቀምጧል። ደጋፊ አጠገቡ የለም፤ ሚስቱ ከደጅ እንጨት ይዛ እየመጣች ነበር። ራሱን ችሎ፣ ፊቱ በላብ ርሶ፣ ትከሻውን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ሁሉም ሲለምኑለት የነበረው ይህ ነበር። ግራ እጁን ወደ መስታወቱ አነሳ። ጣቶቹን ግን አልጠመዘዘም። መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ አወዛወዘው። ቁፋሮ ቦታ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሞተር አጥፋ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሙጫ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ማጥፊያውን ሳበ። ባልቴቷ ተንቀጥቅጣ ዝም አለች። መስኮቱን ሲያይ ወንድሙ ተመልሶ ተጋድሟል፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው።

እትዬ እንጨቱን እንዳቀፈች መሐል ግቢ ቆማለች። «ተቀምጦ ነበር እኮ! አየኸው? ብቻውን ተቀምጦ ነበር!» አለችው።

«አየሁት» አለ ሙጫ። ከማሽኗ ወርዶ ባልዲውን አነሳና ወደ ጓዳ መለሰው።

ከዚያ ወዲህ ውሃልክ እግሩን ሊያንቀሳቅሱለት ሲመጡ ዓይኑን ይጨፍናል። ሐኪሟ ተመልሳ መጥታ ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቀች። ሙጫ አሁንም ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይነሳል። የሚሞላው ነገር የለም።