በብሎን የሚፈታው ፓምፕ

ቦሌ ላይ ፎቅ እንደ አሸን በፈላበት ዘመን፣ የጥንዶች የወሲብ መገልገያ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከዚያ በፊት ሥራዬ ሞባይል መጠገን ነበር። በመጀመሪያው ቀን የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ሰብለ፣ "የደንበኛ ስም አትጠይቂ። ቢገርምሽም ፊትሽ ላይ እንዳይታይ" አሉኝ።

ጥገና ይባል እንጂ አብዛኛው ሥራ መጣል ነበር። ዕቃው በሙጫ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ባትሪው ሲሞት ደህናው ሞተርና ደህናው ሲሊኮን አብረው ቆሻሻ ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ቀን ጠና ያሉ ሰውዬ ፌስታል ይዘው ገቡ። እኔን ሲያዩ ቆም አሉ።

"ወንድ ሠራተኛ የለም?"

"የለም አባባ፣ የምሠራው እኔ ነኝ።"

"በይ ተይው" ብለው ወጡ።

በማግሥቱ ሚስታቸው ያንኑ ፌስታል ይዘው ከቦሌ አራብሳ ድረስ መጡ። "ትናንት የመጣው የኔ ሰውዬ ነው። ስኳር አለበት። ሐኪም ይኼን አዞለት ደህና ነበርን። ከተበላሸ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። ነገሩ ቢቀር እንኳ ግድ የለኝም ልጄ፤ ጀርባውን ማየት ነው ያቃተኝ።"

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ለስንፈተ ወሲብ የሚታዘዘው ፓምፕ ነበር፤ ሲሊንደር፣ አየር የሚስብ ሞተር ያለበት ጭንቅላትና የጎማ ቀለበት አለው። ወይዘሮ ሰብለ አዩትና "ይኼማ አይከፈትም፣ አዲስ ይግዙ" አሉ። አዲሱ ግን ከውጭ ታዞ ገና አልደረሰም ነበር።

ጭንቅላቱን ዙሪያውን በስስ ምላጭ ከፈትኩት። ባትሪው አብጧል። በልኩ ሌላ ቀየርኩና ክዳኑን በሙጫ ሳይሆን በትንንሽ ብሎኖች አሰርኩት። አየር የሚለቀውን ቁልፍ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እሱ እምቢ ካለ ሰው ይጎዳል። አፈታቱን ለእማማ አሳይቼ ካቻቢቴ ጨምሬ ሰጠኋቸው።

ከወራት በኋላ ብቅ ሲሉ ደነገጥኩ።

"ተበላሸ እንዴ እማማ?"

"ኧረ የለም! የጎማ ቀለበት ፈልጌ ነው። ሌላውን እሱ ራሱ ነው መነጽሩን አድርጎ የሚፈታታው። ሲያጥብ ሲገጥም እስቅበታለሁ፣ እሱም ይስቃል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አሁን እጄን ይዞ ነው የሚተኛው" አሉኝ።

ወይዘሮ ሰብለ ሰምተዋል። በሚቀጥለው ትእዛዝ በብሎን የሚፈታና መለዋወጫው ለብቻው የሚገኝ ዕቃ ብቻ አስመጡ።

ዛሬ ዕቃ መሥራትና መጠገን ለማሠለጥናቸው ወጣቶች የምነግራቸው ይኼንኑ ነው። ያፈረ ሰው የተበላሸ ዕቃውን ይዞ ጠጋኝ ፍለጋ አይዞርም፤ ይጥለዋል፣ ደስታውም አብሮ ይቀርበታል። እንዲህ ያለ ዕቃ ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊፈታው እንዲችል ተደርጎ መሠራት አለበት።