ማዳም አንደኛ

ዳንዋንቲን የሚወድ ሰው በሹራብ ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። እሷም ማንንም አትወድም ነበርና ማንም ለማንም ውለታ አልነበረበትም። ጠዋት የፋብሪካው አውቶቡስ ብራምስታን መንደር ላይ ሲያሳፍራት አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶውን ይጓዛል። ሌሎቹ ሴቶች ለሁለት በተሠራ ወንበር ላይ ሦስት ሆነው ይጣበቃሉ እንጂ እሷ ጎን አይቀመጡም። እሷም ምሳ ዕቃዋን በባዶው ቦታ ላይ ታስቀምጥና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመውን ሸንኮራ አገዳ እያየች ትሄዳለች። አገዳውንም ትጠላዋለች።

እሱን መጥላቷ እንኳ አግባብ ነበረው። እናቷ ዕድሜዋን የጨረሰችው አገዳ ሥር ነው። የአገዳ ቅጠል እንደ ምላጭ ነው፤ እናትየው እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ብትገባም ማታ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ዳንዋንቲ ልጅ ሳለች ለብ ያለ የጨው ውሃ አቅርባ ያንን ጨርቅ የምታላቅቀው እሷ ነበረች። እናቷ በዚያ ሰዓት አትጮህም፣ አታለቅስም፤ ጣሪያውን ነበር የምታየው። ልጅቷ ከዚያ ጣሪያ ሥር ሆና አንድ ነገር ብቻ ማለች፤ አገዳ ውስጥ አልገባም።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና መንደሩ ገባ። ያኔ ሞሪሺየስ ውስጥ ሥራ ሰውን የሚለምንበት ዘመን ነበር። ሹራብ ፋብሪካ በየሸንኮራው መሀል እየበቀለ፣ “መስፋት ባትችሉም ኑ፣ እናስተምራችኋለን” እያሉ ሴት ልጅ ከየቤቱ ይለቅሙ ነበር። አባቷ ፋብሪካ የገባች ሴት ባል አታገኝም ብሎ ተቆጣ። እናትየው ከምድጃው ቀና ሳትል መለሰችለት።

“ትሂድ። እጇ እንደኔ እጅ ሳይሆን አይቼው ልሙት።”

በዚህ አለቀ።

የተሰጣት ሥራ የሹራብ አንገትና እጅጌ መግጠም ነበር። ማሽኑ ዙሪያውን መርፌ የተተከለበት ክብ ነገር ሲሆን፣ ገጣሚዋ የሹራቡን የክር ዐይኖች አንድ በአንድ በየመርፌው ጫፍ ላይ ትሰካለች። አንዲት ዐይን ከተዘለለች አንገቱ ላይ ቀዳዳ ይከፈትና ሹራቡ ወደ ሠራችው ሴት ይመለሳል። ዐይን የሚያጠፋ፣ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ዳንዋንቲ ግን ዓመት ሳይሞላት ወደ መርፌው ማየት ተወች፤ ጣቷ ራሱ ያይላት ነበር።

የአዳራሹ አለቃ ሙሴ ሬኖ ይባላል። ሰው ሰላም የማይል፣ ቁጥር ብቻ ሰላም የሚል ሰው ነበር። ጠዋት ሲገባም፣ ማታ ሲወጣም፣ “ስንት ሆነ?” ነው የሚለው። በአዳራሹ በር ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሏል። የየወሩን ምርት በነጥብ ያኖርበትና ነጥቦቹን በቀይ ቀለም ያያይዛቸዋል። ቀዩ መስመር ሽቅብ ቁልቁል ሲል ስላዩት ሴቶቹ “ተራራው” አሉት። ከተራራው ግርጌ የወሩ አንደኛ ስም ይጻፋል። ስሙ ወር በገባ ቁጥር ተጠርጎ ይጻፋል እንጂ አይለወጥም፤ ዳንዋንቲ ነው።

ገጣሚዎቹ በመሀላቸው አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ድርሻዋን የሞላች ሴት የተረፏትን ጥቂት ሹራቦች ለታመመች ወይም ነፍሰ ጡር ለሆነች ጓደኛዋ ቅርጫት ውስጥ ጣል ታደርጋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ በተራዋ ይመለስላታል። ማጉረስ ይሉታል። የማታጎርስ ሴት አልነበረችም፣ ከአንዷ በቀር።

ዢኔት ከዳንዋንቲ ቀጥሎ ባለው ማሽን ላይ ነበረች። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ይሰማል። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ወደ ዳንዋንቲ ዘንበል አለች።

“ዳኑ፣ እስቲ ትንሽ አጉርሺኝ። እግሬ አብጦ አልታዘዝ አለኝ።”

“የኔ ነው።”

“ያንቺ መሆኑንማ መች አጣሁት። ተርፎሽ ነው እኮ።”

“አልተረፈኝም። ለነገ የሚቆጠር ነው።”

“የነገውን ነገ ትሠሪዋለሽ።”

“አንቺም የዛሬውን ዛሬ ሥሪው።”

ዢኔት በዚያ ሳምንት ድርሻዋን አልሞላችም። ሙሴ ሬኖ ወደ ካውያ አዳራሽ ላካት። ያንን ሆድ ይዛ በእንፋሎት መሀል ቆማ ከረመች። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ ቂሙም አብሮት ተወለደ። ወደ ገጣሚዎቹ ስትመለስ ለዳንዋንቲ ስም ይዛላት መጣች፤ “ማዳም አንደኛ”። በማግስቱ አዳራሹ በሙሉ በዚያ ስም ይጠራት ጀመር። ዳንዋንቲ አልከፋትም። ምቀኛ አታሳጣኝ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ተራራው ዓመት ከዓመት ወጣ። ዳንዋንቲ አገባች። ባሏ ሳቲሽ የሚከፋ ሰው አልነበረም፤ የሚረባም አልነበረም። ቤቱን ብሎኬት በብሎኬት ያቆመችው እሷ ናት፤ አንዱን ክፍል በአንዱ ዓመት፣ ሌላውን በሌላው። እናቷ ከመሞቷ በፊት የልጇን እጅ አገላብጣ አየችና፣ “ለስላሳ ነው” አለች። ዳንዋንቲ በሕይወቷ ከተባለላት ሁሉ ያስደሰታት ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ ተራራው ቁልቁል ያዘ። አውሮፓ ያሉት ገዢዎች ሌላ አገር ርካሽ አገኙ። መጀመሪያ ማቅለሚያው ተዘጋ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው አዳራሽ። ጠዋት በር ላይ ይሰለፍ የነበረው አውቶቡስ ሁሉ ወዴት እንደገባ ሳይታወቅ ጥቂት ቀረ። ሬዲዮ ላይ የተማሩ ሰዎች እየቀረቡ የደሴቲቱ ፋብሪካዎች ምርት በመቶ ይህን ያህል ቀነሰ ይላሉ። መንደር ውስጥ ግን ያ “በመቶ” ስም ነበረው፤ የእገሊት ልጅ፣ የእገሌ ሚስት። አንድ ጠዋት ዳንዋንቲ በአውቶቡሱ መስኮት ስታይ፣ ካውያ አዳራሽ ትሠራ የነበረች ሴት እጇን በጨርቅ ጠቅልላ አገዳ ውስጥ ቆማለች። ሴትየዋ አውቶቡሱን አይታ እጇን አነሣች። ዳንዋንቲ ፊቷን መለሰች።

በዚያው ሰሞን ሙሴ ሬኖ ሰበሰባቸው።

“ማዳጋስካር ውስጥ እናንተ በቀን በምታገኙት ሳምንት ሙሉ የሚሠሩ ሴቶች አሉ” አለ። “ተራራው ካልወጣ ማሽኖቹ መርከብ ይሳፈራሉ። ከወጣ እንነጋገራለን።”

ሌሎቹ ሴቶች የሰሙት መርከቡን ነው። ዳንዋንቲ የሰማችው “ከወጣ” የሚለውን ብቻ ነበር።

ብርዱ ሊወጣ ሲል ትእዛዝ ጎረፈ። ትርፍ ሰዓት መጣ፤ እሑድም ይሠራ ጀመር። ቀዩ መስመር ቀና ብሎ፣ ድሮ ፋብሪካው በሞላ ጊዜ እንኳ ያልደረሰበት ላይ ወጣ። ዳንዋንቲ ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆማ ታየዋለች። ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደዚያ ቆማ አታውቅም።

ዢኔት ደግሞ የምታየው መጋዘኑን ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሴቶቹን ሰብስባ ጀመረች።

“ገበያ ያለው ሰው ዕቃ ይከምራል? ሹራቡ ጣሪያ ነክቷል፣ አንድም መኪና ጭኖ አልወጣም። የእህቴ ባል ወደብ ላይ ነው፤ ባዶ ኮንቴነር ታዟል ይላል። ሰውየው ስንቅ እየቋጠረ ነው። ማሽኖቹ ተነቅለው፣ ተጭነው፣ እዚያ እስኪተከሉ ሥራ ይቆማል። ለዚያ ጊዜ የሚሸጠውን አስቀድሞ በኛ እጅ እያሠራ ነው። ስንቁ የሞላ ቀን እኛም አበቃን።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?” አለች አንዷ።

“ቀስ ማለት። ጸብ የለም፣ ሰልፍ የለም። ክር ይበጠስ፣ መርፌ ይጣመም፣ ሽንት ቤት ይበዛ። ስንቁ ባልሞላ ቁጥር ደመወዛችን ይቀጥላል። ጥር ላይ ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ብንጎትተው ምን አለበት?”

ዳንዋንቲ ብቻዋን ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ፋራታ ቂጣዋን በድንች ወጥ እየበላች ነበር።

“ሰነፍ ምክንያት አያጣም” አለች፣ ወደ ማንም ሳታይ።

ዢኔት ዞረች። “ምን አልሽ ማዳም አንደኛ?”

“ቅናት ነው አልኩ። ተራራው ሲወጣ በዐይኔ አያለሁ።”

“ምንሽ ነው የሚያስቀናኝ? ወገብሽ ጎብጧል፣ ባልሽ እንኳ አያናግርሽም። ለመሆኑ ከተራራ ጫፍ ቀጥሎ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?”

“ምን አለ?”

“ቁልቁለት ነዋ፣ የኔ ብልጥ።”

ሴቶቹ ሳቁ። ዳንዋንቲ ምሳ ዕቃዋን ከደነችና ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

በዚያ ሳምንት ክር ተበጠሰ፤ መርፌም ተጣመመ። ቀዩ መስመር ወገቡን ይዞ ቆመ። ሙሴ ሬኖ አዳራሹ መሀል መጥቶ፣ “ምን ሆናችሁ? ክሩ ነው? ማሽኑ ነው?” ሲል ሴቶቹ ወደየማሽናቸው አቀረቀሩ። ዳንዋንቲ ሹራቧን ከመርፌው ሳታነሣ መለሰችለት።

“ክሩ ደህና ነው፣ ሙሴ። ማሽኑም ደህና ነው። ሆን ብለው ነው።”

“እነማን?”

“ሁሉም።”

ሙሴ ሬኖ ድርሻዋን ያልሞላች ሰኞ እንዳትመጣ ብሎ ወጣ። ሰኞ ሁሉም መጡ፤ ሁሉም ሮጡ።

ከዚያ ወዲህ የነበረው ኑሮ ኑሮ አይባልም። ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት አሸዋ ታገኛለች። ወንበሯ ላይ የማሽን ዘይት ይፈስሳል። አውቶቡሱ ውስጥ ስትገባ ወሬው ይቆማል፣ ስትወርድ ይቀጥላል። ቻለችው። ይጥሉኝ፣ ብቻ ይሥሩ አለች በሆዷ። ፋብሪካው ሲተርፍ፣ እነዚህ ከንቱዎች አገዳ ከመግባት የዳኑት በማን እንደሆነ የሚገባቸው ቀን ይመጣል ብላ ታስብ ነበር። በልቧ ምስጋናቸውን ተቀብላ ጨርሳለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚላት ሰው ደግሞ አጠገቧ አልነበረም፤ ባዶ ወንበር ምክር አይሰጥም።

የዲዋሊ በዓል መብራት ሊበራ ሁለት ቀን ሲቀረው ማሽኖቹ እኩለ ቀን ላይ ጸጥ አሉ። ሙሴ ሬኖ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አስመጥቶ ድምፅ ማጉያ ጨበጠ። ጠረጴዛው ላይ በጌጠኛ ወረቀት የተጠቀለለ የእንፋሎት ድስት አለ። ከአዳራሹ ጀርባ መካኒኮቹ የማሽኖቹን መርፌ በዘይት ወረቀት መጠቅለል ጀምረዋል። ይህን ጊዜ ያልገባት አልነበረችም።

“እስከ የካቲት መጨረሻ ይፈጃል ያልነውን ሥራ ለዲዋሊ አደረሳችሁልን” አለ ሙሴ ሬኖ። ፊቱ እንደዚያ ቀን በርቶ አያውቅም። “አራት ወር ገደማ አተረፋችሁልን። ማሽኖቹ ሰኞ ይሳፈራሉ። የሚገባችሁን ከቢሮ ትወስዳላችሁ። ለዚህ ፍጥነት ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከሁላችሁም በላይ ግን አንዲትን ሴት። ዳንዋንቲ፣ ነይ።”

ብቻውን አጨበጨበ።

ዳንዋንቲ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ድስቱን ተቀበለች። አራት ወር። የሌሎቹ ብቻ አይደለም፣ የራሷም አራት ወር ነው፤ በገዛ ጣቷ ገጥማ ጨርሳዋለች። አፈረች። ከማፈሯ ይልቅ ንዴቷ ባሰ፤ ግን በማን እንደምትናደድ አላወቀችም። ሙሴ ሬኖ እንደሆነ ያመሰገናት ከልቡ ነው። ድስቱን ታቅፋ ወደ ማሽኗ ተመልሳ ተቀመጠች።

የጮኸባት አልነበረም። ዢኔት ሰማያዊ የሥራ ሽርጧን ከወገቧ ፈታች፣ ቀስ ብላ አጠፈችው፣ መጥታም ዳንዋንቲ ቅርጫት ውስጥ ጣል አደረገችው።

“እንኪ ማዳም አንደኛ። አጉርሼሻለሁ። ቁጥርሽ ላይ ጨምሪው።”

ቀጥላ ሌላዋ ሽርጧን ፈታች፤ ከዚያም ሌላዋ። አንዳንዷ “እንኪ” ትላለች፣ አንዳንዷ ዝም ብላ ጥላ ታልፋለች። ትርፍ ሰዓት መጨረሻ ላይ ወደ በሩ እንደሚሰለፉት ተሰልፈው፣ በእሷ ማሽን በኩል አልፈው ወጡ። ቅርጫቱ ሞልቶ መሬት ላይ ፈሰሰ። ዳንዋንቲ እጇን አጣጥፋ፣ ልጅ ሳለች እናቷ ታደርግ እንደነበረው ጣሪያውን ስታይ ቆየች።

አውቶቡሶቹ ሲነሡ ሰማች። አዳራሹ ውስጥ ከመካኒኮቹ በቀር ሰው አልቀረም። ጎንበስ ብላ የወደቁትን ሽርጦች ለቀመች። አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ ጥግ ከጥግ ጋር እያገናኘች፣ ሹራብ ስታስር እንደኖረችው አሥር አሥር አድርጋ ደረደረቻቸው። በመጨረሻ የራሷን ፈታችና ከላይ አደረገችው።

ሙሴ ሬኖ ቁልፍ እያንቃጨለ በአጠገቧ አለፈ። ክምሩን አየና፣ ልማዱ ነውና ጠየቃት።

“ስንት ሆነ?”

“አልቆጠርኩትም” አለችው።

ቆጥራው ነበር፤ የራሷንም ጨምራ።